የመውጫውና የመግቢያው በር
ከዱከም ጣቢያ የታየ የይለፍ ወረቀትና የዋስ ታሪክ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዱከም በሰፊው የምትታወቀው በይረር ተራራ አቅራቢያ በተንጣለለው ጥቁር አፈርዋ፣ በጤፍ ማሳዋና የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነጂዎች ጎራ በሚሉባቸው ሥጋ ቤቶችዋ ነው። ወደ ውጭ አገር ስለሚደረግ ጉዞ ታሪክ ሊጽፍ የተነሣ ሰው ከዚህች ከተማ መጀመሩ ለአንዳንድ የማኅበራችን አባላት እንግዳ ነገር ሊሆንባቸው ይችላል። ዳሩ ግን የባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ ከደረሰበት ከ1909 ዓ.ም. አንሥቶ አይሮፕላን የመንገደኛውን ልማድ እስኪለውጥ ድረስ፣ ከዋናው ከተማ ተነሥቶ ለትምህርት ባሕር የተሻገረው ኢትዮጵያዊ አብዛኛው በዱከም ጣቢያ አልፏል። በዘመናችንም በዚችው ከተማ የተተከለው የኢንዱስትሪ ዞን ከቻይና ሠራተኛ እያስመጣ፣ ወደ ቻይናም ሠልጣኝ እየላከ ኖሯል። ስለሆነም ዱከም ለጉዳዩ ባይተዋር አይደለችም።

ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ሁለት በር ያልፋል፤ አንደኛው የገዛ አገሩ መውጫ ሲሆን ሁለተኛው የሰው አገር መግቢያ ነው። ባለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት ከሁለቱ አንዱ ገርበብ ሲል ሌላው ሲጠብቅ ቆይቷል። በሁለቱም በሮች ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ትመለሳለህን? ዋስህስ ማን ነው?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ሊመረምር ያሰበው ይህ ጥያቄ በየዘመኑ በምን መልክ እንደቀረበና ማን እንደመለሰው ነው። ዓመታቱ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለባቸው በቀር በአገራችን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በጥንቱ ሥርዓት መንገደኛ የሚቆመው ኬላ ላይ ነበር። የውጭ አገር ሰው ከባሕር ወደ ደጋ ለመውጣትም ሆነ ከደጋ ወደ ባሕር ለመውረድ የንጉሡን ወይም የአገሩን ገዥ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መያዝ ነበረበት፤ ደብዳቤ የሌለው በኬላ ጠባቂው ፈቃድ ላይ ይወድቃል። ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚወጡት መነኮሳት በአንጻሩ ከመቋሚያቸውና ከስንቃቸው በቀር የያዙት ብዙ አልነበረም። በዚያ ዘመን አገር ለቅቆ መሄድ የሚከብደው በመንገዱ ርዝመትና በበሽታው እንጂ በወረቀቱ አልነበረም ማለት ይቻላል።

የትምህርት ጉዞ ታሪክ ከባቡሩ ታሪክ ጋር የተያያዘው ገና ከጅምሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ሲሆን ከባለፈቃዶቹ አንዱ የስዊስ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ኢልግ ነበር። በዚያው ዓመት የራስ ዳርጌ ልጅ ጉግሣ፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስና አንድ ሦስተኛ ጓደኛቸው እንዲማሩ ወደ ስዊስ አገር ተላኩ። ዋሱ የንጉሠ ነገሥቱ ቃልና የኢልግ ኃላፊነት ነበር፤ ከዚህ የበለጠ ዋስ በዚያን ጊዜ አልነበረም። ሆኖም ከኢጣልያ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ ሦስቱም ከስዊስ ወደ ኢጣልያ ተሻገሩ። አፈወርቅ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ አሳትመው በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ስማቸውን ቢያስጠሩም፣ በዐድዋ ዘመን የፈጸሙት ግን እስካሁን ያከራክራል። ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው፦ ከመጀመሪያዎቹ ተላኪዎች መካከል በንጉሥ ዋስትና የሄዱት በጊዜው አልተመለሱም።

በአንጻሩ ያለ ማንም ዋስ የሄዱ ተመልሰዋል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በልጅነቱ ምፅዋ ወደብ ላይ የቆመ የጀርመን መርከብ ሊጎበኝ ገብቶ መርከቡ ይዞት እንደሄደ፣ ካፒቴኑም ለአንድ የኦስትሪያ ቤተሰብ አደራ እንደሰጠው ይተረካል። ፓስፖርት አልነበረውም፤ የንጉሥ ደብዳቤም አልነበረውም። ይህ ሰው የአውሮፓን ትምህርት ቀስሞ ወደ አገሩ ገባ፤ በባቡሩ ቁጥጥርና በድሬዳዋ ጉምሩክ ሠራ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውንም የኢኮኖሚ መጽሐፍ ትቶልን በወጣትነቱ ሞተ። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም ከዐድዋ ድል በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩስያ ተወስደው፣ የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሰው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል። እግረ መንገዴን ለማንሣት ያህል፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት አብዛኛው የአውሮፓ አገር ከመንገደኛ ፓስፖርት አይጠይቅም ነበር፤ ሩስያ ከጥቂቶቹ ጠያቂዎች አንዷ ነበረች። ተክለ ሐዋርያት የሄዱት እንግዲህ ወረቀት ወደሚወደው አገር ነበር።

የሐዲዱ ሥራ ከጅቡቲ ተጀምሮ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ከስሮ፣ በአዲስ ኩባንያ ተተክቶ፣ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስመር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ በመጀመሪያዎቹ ዐሥርተ ዓመታት ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ባቡሩ ቀን ብቻ ስለሚሄድ መንገደኛው አንድ ሌሊት አዋሽ፣ አንድ ሌሊት ድሬዳዋ ያድራል። ከለገሃር ተነሥቶ አቃቂን ያለፈ ወጣት ዱከም ሲደርስ ገና የሚያውቀው አየር ውስጥ ነው፤ በአንድ ወገን ይረር፣ በሌላው ዝቋላ ይታየዋል። ከሞጆና ከአዳማ በኋላ መሬቱም ሙቀቱም ይለወጣል። ጅቡቲ ከደረሰ የፈረንሳይን መርከብ ተሳፍሮ በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ማርሴይ ያመራል። ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ ስለነበረች የኢትዮጵያ ዋናው መውጫ በር ቁልፍ ከፊሉ በሌላ መንግሥት ኪስ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ይህን ጉዳይ የወደብ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል፤ የተማሪን ጉዞ ሲያስብ ግን ብዙም አያስታውሰውም።

የወረቀቱ ዘመን የመጣው በዚሁ ጊዜ ነው። በጦርነቱ ምክንያት ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው የፓስፖርትና የቪዛ ቁጥጥር ጦርነቱ ሲያበቃ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1920 ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ የፓስፖርቱን መልክ አንድ ዓይነት እንዲሆን ወሰነ፤ ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ደብተር አያቱ ያ ነው። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን በዚህ የወረቀት ዓለም ውስጥ በሙሉ መብት ገባች። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1924 ባወጣችው ሕግ ለየአገሩ ኮታ መደበች፤ ከዚያ በፊት ስደተኛው በዋናነት የሚመረመረው የአሜሪካ ወደብ ከደረሰ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ግን ገና በአገሩ ሳለ በቆንስል ፊት ቀርቦ ቪዛ እንዲያገኝ ግዴታ ሆነ። ለኢትዮጵያ የተመደበው የስደተኛ ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። አብዛኛው የአፍሪካ ምድር በቅኝ ገዥዎች ስም ሲቆጠር በራሳቸው ስም ኮታ ካገኙት ጥቂት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ መሆኗ ክብርም ጭምር ነበር፤ ነገር ግን መቶ ሰው መቶ ሰው ነው። ተማሪዎች በኮታው ውስጥ አይቆጠሩም ነበር። መላኩ በያን፣ በሻህ ውረድ ሀብተ ወልድና ወርቁ ጎበና በህንድ በኩል ዞረው አሜሪካ የገቡት ይህ ሕግ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

በአልጋ ወራሽ ተፈሪና ኋላም በንጉሠ ነገሥትነታቸው ዘመን እስከ ወረራው ድረስ በግምት ሁለት መቶ የሚጠጉ ወጣቶች ወደ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ ግብጽ፣ ሊባኖስ፣ አሜሪካና ሌሎችም አገሮች ተልከዋል። ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ተመልሰዋል። መልሶ ያመጣቸው ምን ነበር? በሰነድ የተጻፈ የብር ዋስትና አልነበረም። የቤተ መንግሥቱ ውለታና የቤተሰቡ ክብር እንደነበረ አይካድም፤ ከዚህ በላይ ግን የሚጠብቃቸው ሥራ ነበር። ፈረንሳይኛ ወይም እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ ካርታ ማንበብ የሚችል፣ ሕግ የተማረ ሰው በጣት በሚቆጠርበት አገር፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ወጣት ከለገሃር እንደወረደ ወደ ሚኒስቴር ይገባ ነበር። በእኔ አስተያየት ይህ ከማናቸውም ዋስ ይበልጥ ነበር።

መመለሳቸው ግን ምን እንዳስከፈላቸው ሳይነገር አይታለፍም። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በዚሁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወርዱ በዱከም አለፉ፤ ከወራሪ ፊት የሚሸሽ ሰው መውጫ ቪዛ የሚጠይቀው የለም። ወጣቶቹ ምሁራን አብዛኞቹ በአገር ቀሩ፤ ከፊሎቹም ጥቁር አንበሳ በተባለው ድርጅት ውስጥ ተሰልፈው ተዋጉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ፋሺስቶች የተማረውን ክፍል እየለቀሙ ፈጁት። ከተገደሉት መካከል በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው የተመለሱት የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ይገኙበታል። እኛ መሐንዲሶች ስለ ሙያችን ታሪክ ስንናገር ከነፃነት በኋላ ካለው ዘመን መጀመር ልማድ አድርገናል፤ እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች ከዚያ ታሪክ ውጪ መቅረታቸው ተገቢ አይመስለኝም። ውጭ አገር ቆይተው ቢሆን ኖሮ በሕይወት ይተርፉ ነበር።

ከነፃነት በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙ የተጻፈበት ነውና። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር የባሕር ማዶ ተማሪ ቀስ በቀስ ዱከምን ከመስኮት ማየት ትቶ ከደመና በላይ ወጣ። በ1940ዎቹ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁና የምሕንድስና ኮሌጁ ተቋቋሙ፤ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር ሥራ ጀመረ፤ የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተከተለ፤ የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። ወደ ውጭ የሚሄድ ተማሪ ጉዳዩን በትምህርት ሚኒስቴርና በአገር ግዛት በኩል ጨርሶ፣ ቤተ መንግሥት ቀርቦ እጅ ነሥቶ ይሰናበት ነበር፤ ሲመለስም እንደዚሁ። በዚህም ዘመን የመውጫ ፈቃድ ነበረ፤ ሆኖም ለተማሪ እምብዛም አያስጨንቅም ነበር። ከ1966 ዓ.ም. በፊት ከሄዱት ውስጥ አብዛኞቹ መመለሳቸውን የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል። የመሐንዲሱ መመለሻ ምክንያት ደግሞ በሰሌዳ ላይ የተሣለ ያህል ግልጽ ነበር፤ የሚሠራ መንገድ፣ የሚገደብ ወንዝ፣ የሚዘረጋ ሽቦ ነበር።

አብዮቱ ሲፈነዳ አንድ ለየት ያለ ነገር ታየ። በ1967 ዓ.ም. አካባቢ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ብዙ የተማሩ ሰዎች ዋስ ሳይጠራቸው፣ ደመወዝ ሳይጠይቁ ወደ አገራቸው ጎረፉ። ኃይሌ ፊዳን የመሳሰሉት ከነዚህ ወገን ነበሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙዎቹ በእስርና በግድያ አለቁ። ከየካቲት 1929 በኋላ የተመለሰ ምሁር በብዛት ያለቀበት ሁለተኛው ዘመን ይህ ነው፤ የአሁኑ ደግሞ በገዛ ወገን እጅ መሆኑ ይለየዋል።

ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ መውጫ በር ከመግቢያው በር ይልቅ ከበደ። ሰው ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ለመሄድ እንኳ ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት የሚይዝበት ጊዜ ነበር፤ ከዱከም ተነሥቶ ሩቅ አገር ላለ ዘመዱ ለቅሶ ለመድረስ የፈለገ ገበሬና ሞስኮ ለመማር የታጨ መሐንዲስ በአንድ ሰልፍ፣ በአንድ ሊቀ መንበር ቢሮ ፊት ይቆሙ ነበር ማለት ነው። ለውጭ ጉዞ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ፈቃድ፣ የቀበሌ ድጋፍ፣ የግብር ዕዳ እንደሌለበት የሚያስረዳ ወረቀት፣ ዋስና በመጨረሻ መውጫ ቪዛ ያስፈልጋል። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን፣ ወደ ኩባና ወደ ሌሎች የሶሻሊስት አገሮች ተልከዋል። ለእነዚህ የመግቢያው በር ወለል ብሎ የተከፈተ ነበር፤ ችግሩ የነበረው ከቤት ለመውጣት ነው።

በዚህ ዘመን «ዋስ» የሚለው ቃል ጠባዩን ለወጠ። ቀድሞ የንጉሥ ቃል ወይም የቤተሰብ ክብር የነበረው ነገር አሁን በቅጽ ላይ የሚፈረም፣ በደመወዝና በንብረት የሚለካ ግዴታ ሆነ። ዋሱ ብዙውን ጊዜ የሥራ ባልደረባ ወይም ወንድም ነው። ሄያጁ ያልተመለሰ እንደሆነ የሚጠየቀው እርሱ ሳይሆን የቀረው ነው። በዚህ የተነሣ በሽማግሌዎች ፊት የተካሰሱ ጓደኛሞች፣ ስም መጥራት ያቋረጡ ወንድማማቾች እንደነበሩ በዘመኑ የኖሩ ታላላቆቻችን ይነግሩናል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነገር ነው፤ ዋስትናው በጠነከረ መጠን የሚቀረው ሰው ቁጥር አለመቀነሱ። በወረቀት መውጣት ያልቻለው በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ። መሐንዲስ እንደመሆናችን ይህን ለመረዳት አይከብደንም፤ ግፊቱ ሳይቀንስ ግድቡ ብቻ ከፍ ቢል ውሃው በጎን ይፈልጋል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው ደነገገ። መውጫ ቪዛውም ቀስ በቀስ ቀረ። የመውጫው በር ተከፈተ ማለት ነው፤ በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ግን የመግቢያው በር ጠበበ። የአውሮፓ አገሮች በሸንገን ስምምነት አንድ አጥር ሠሩ። በአሜሪካ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1990 በወጣው ሕግ መሠረት የተጀመረው ዲቪ ከ1980ዎቹ ማብቂያ አንሥቶ ለዓመታት የየከተማውን ፎቶ ቤት ያጨናንቅ ነበር። ዲቪ ከሁሉም የጉዞ ወረቀቶች የሚለየው ዋስ ሳይሆን ዕጣ የሚጠይቅ በመሆኑ ነው። አንድ የዱከም ልጅ የአሜሪካ ነዋሪ ለመሆን የንጉሥ ቃልም፣ የቀበሌ ድጋፍም፣ የወንድም ፊርማም ሳያስፈልገው፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ስሙንና ፎቶግራፉን ልኮ ይጠባበቅ ነበር። ትመለሳለህን ብሎ የጠየቀውም አልነበረም፤ እንዲቀር ነውና የተጠራው።

ለተማሪና ለጎብኚ ግን የድሮው ጥያቄ በሌላ ሰው አፍ ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በአንቀጽ 214(ቢ) መሠረት ለጊዜው እገባለሁ የሚል ተማሪ ወይም ጎብኚ ተቃራኒውን እስካላስረዳ ድረስ ሊቀር እንዳሰበ ይገመታል። የማስረዳት ሸክሙ በአመልካቹ ላይ ነው። አመልካቹም የባንክ ደብተሩን፣ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ፣ የቤቱን ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀቱን አሰልፎ በመስኮቱ ፊት ይቆማል። ነገሩን አስተውለን ብናየው ይህ ያው ዋስ ነው፤ ብቸኛው ልዩነት ዋሱ ሰው መሆኑ ቀርቶ ወረቀት መሆኑ ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ያላገባ፣ በኪራይ ቤት የሚኖር ወጣት መሐንዲስ በዚህ ሚዛን ቀላል ሆኖ መታየቱ አያስገርምም፤ በእውቀት የሚበልጡት ብዙ ሳይሆኑ የሚያስይዘው ነገር የለውም።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ቪዛ ላይ ገደብ ጣለ፤ የመልስ ጊዜው ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥም ተወሰነ። የተሰጠው ምክንያት ያለ ፈቃድ አውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በመመለስ ረገድ መንግሥት በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነበር። ለስብሰባ ለአራት ቀን ወደ አውሮፓ የሚሄድ የማኅበራችን አባል እንግዲህ ፈጽሞ ለማያውቀው፣ ባሕር አቋርጦ ለገባ አንድ ወገኑ ዋስ ተደርጎ ተቆጠረ። በደርግ ዘመን ዋሱ በስም ይታወቅ ነበር፤ ፈርሟልም። በ2016ቱ ውሳኔ ግን ማንም ሳይፈርም ሁሉም ዋስ ሆነ። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ ለመቀበል እቸገራለሁ።

የአገር ውስጡም በር ቢሆን ፈጽሞ አልተከፈተም የሚል ቢኖር ምክንያት አለው። ከ1996 ዓ.ም. አንሥቶ በወጪ መጋራት ሥርዓት የተማረ ምሩቅ ዕዳውን እስኪከፍል ወይም በአገልግሎት እስኪያካክስ ድረስ ዋናው ዲግሪው ሲያዝበት ቆይቷል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በሰባ ለሠላሳው ፖሊሲ ምክንያት ምሕንድስና የጥቂቶች ትምህርት መሆኑ ቀርቶ የብዙኃን ሆኗል፤ እኔም ከነዚያ ብዙኃን አንዱ ነኝ። ሥራው ግን በዚያው መጠን አልበዛም። የ1950ዎቹ መሐንዲስ ሲመለስ የሚጠብቀው ሥራ ነበረ ብያለሁ፤ የዛሬው መሐንዲስ ገና ሳይሄድም የሚጠብቀው የለም የሚባልበት ጊዜ አለ።

ዛሬ ከዱከም ተነሥቶ ለመሄድ የሚዘጋጅ ባልደረባችን የሚሰበስበውን ወረቀት ለሚያየው የቋንቋውና የቀን አቆጣጠሩ ነገር ብቻውን አንድ ጥናት ነው። የከተማው አስተዳደር ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በአማርኛ ይመጣል፤ የዩኒቨርሲቲው ማስረጃ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁሉም ተተርጉሞና ተረጋግጦ አንድ ላይ መቆም አለበት። ስሙ በዲግሪው ላይ በአንድ የላቲን አጻጻፍ፣ በፓስፖርቱ ላይ በሌላ ይገኛል። የቤተሰብ ስም አምጣ ሲባል የአያቱን ስም ይሰጣል፤ አያቱም በሕይወት ዘመናቸው አይተውት በማያውቁት አገር የቤተሰብ መሥራች ይሆናሉ። የልደት ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ ወደ አውሮፓ ሲገለበጥ አንዱ ጸሐፊ ሰባት ዓመት፣ ሌላው ስምንት ዓመት ይደምራል፤ በመስከረምና በታኅሣሥ መካከል የተወለደ ሰው በተለይ ይጎዳል። በእኛ ሙያ አንድ ክፍል ከንድፉ በመጠኑ ቢያልፍ የተፈቀደ ልዩነት የሚባል ነገር አለ። በቪዛ ፋይል ውስጥ እንዲህ ያለ ልዩነት የለም። ስለሆነም ልምድ ያላቸው ሰዎች የሚመክሩት መጀመሪያ ፓስፖርቱን አውጥቶ፣ የቀሩትን ወረቀቶች ሁሉ በፓስፖርቱ ፊደልና ቀን ማስተካከልን ነው፤ አንድ አይሮፕላን ጣቢያ የደረሰ ሰው በአንዲት ፊደል ምክንያት እንዳይመለስ።

የቀረው ዝግጅት የቤት ነው። ውልና ማስረጃ ሄዶ ለእናት ወይም ለወንድም ውክልና መስጠት፣ ዕዳ መክፈል፣ የዕድርና የዕቁብን ነገር ማስተካከል ይከተላል። ከዚያ በርበሬው ይፈጫል፣ ሽሮው ይከካል፣ በሶው ይሰናዳል፤ በ1920ዎቹ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ተማሪ ይዞት የነበረው ስንቅ ከዚህ እምብዛም የሚለይ አይመስለኝም። ልዩነቱ በሻንጣ 23 ኪሎ ተብሎ መመዘኑ ነው፤ በሽኝቱ ዋዜማ ሚዛኑ ከጎረቤት ይዋሳል፤ ከሽሮውና ከመጻሕፍቱ የትኛው ይቀነስ የሚለው ክርክርም ብዙውን ጊዜ በሽሮው አሸናፊነት ያልቃል።

በዚህች ከተማ የታየ አንድ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ሳላነሣ ማለፍ አልወድም። የኢንዱስትሪ ዞኑ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ መሠራት ጀመረ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የቻይናው ሁዋጂያን ኩባንያ በዞኑ ውስጥ የጫማ ፋብሪካ ሊከፍት ሲነሣ፣ ገና ማምረት ሳይጀምር ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን መልምሎ ለሥልጠና ወደ ቻይና ላከ፤ ፋብሪካው በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሠልጣኞቹ የሄዱት በወራት ለሚቆጠር ጊዜ ነው፤ የሚመለሱበት ማሽን ደግሞ ዱከም ላይ እየተተከለ ነበር። ቪዛቸውን ያቀለለው ይህ ይመስለኛል፤ የሚጠይቃቸው ቆንስል የሚመለሱበትን ቦታ በካርታ ላይ ሊያሳዩት ይችሉ ነበር።

በሐዲዱም ላይ ተመሳሳይ ነገር ተፈጽሟል። አሮጌው መስመር ከደከመ በኋላ ከሰበታ ተነሥቶ በዱከም አቅራቢያ አልፎ ጅቡቲ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩን የሚነዱትም የሚያስተዳድሩትም ቻይናውያን ነበሩ። ወጣት ኢትዮጵያውያን ነጂዎችና የጥገና ባለሙያዎች ወደ ቻይና እየሄዱ ሠለጠኑ፤ ሲመለሱም መጀመሪያ ከመምህሮቻቸው ጎን ተቀመጡ። በ2016 ዓ.ም. የባቡሩ አስተዳደር ከቻይናውያኑ ኩባንያዎች ወደ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ሠራተኞች ሲተላለፍ፣ በመሪው ክፍል የተቀመጡት እነዚያ ሠልጣኞች ነበሩ። አሮጌው ባቡር ሦስት ቀን ይፈጅበት የነበረውን መንገድ አዲሱ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ያጠናቅቀዋል። ድንበር ሲደርስም ፓስፖርት ይጠየቃል።